«ይብቃሽ እማ» ማለትም ፍቅር ነው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን። አማ በዕድ፦

ውድ ወንድሜ፣ ውድ እህቴ!

የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን ስለ ማዕድ ነው። በተለይ ደግሞ የስኳር በሽታ ስለገባበት ቤት ማዕድ። «ይህ የሐኪም ሥራ አይደለም ወይ? ኡስታዝ ምን አገባው?» የምትሉ አትጠፉም። ታገሱኝ፤ እንዲያገባኝ ያደረገውን ነገር መጀመሪያ ልንገራችሁ።

ከተወሰኑ ዓመታት በፊት ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ አዲስ አበባ ሥራ ይዣለሁ። ለዒደል ፊጥር ደሴ ወደ እናቴ ስሄድ ከመጀመሪያው ደመወዜ ላይ ሁለት ካርቶን ባቅላባና ሐልዋ ገዛሁ። እናቴ ዓይነት 2 የስኳር በሽታ እንዳለባት ከታወቀ ያኔ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር። አውቃለሁ። ግን ዒድ ነው! የልጇ የመጀመሪያ ደመወዝ ነው!

ሳህኑን ፊቷ አስቀመጥኩ። «ተው ልጄ፣ ለኔ አይሆንም» አለች።

«ወላሂ አንቺ ካልበላሽ እኔም አልቀምሳትም!» አልኳት።

ሳቀችና በላች። ትንሽ ቆይታ አክስቴ መጣችና እሷም አጎረሰቻት። ከዚያ የጎረቤት ዙር ተጀመረ። እዚህ ሻይ በሦስት ማንኪያ ስኳር፣ እዚያ ሳምቡሳ፣ ሌላው ቤት ለስላሳ። እምቢ ባለች ቁጥር «በዒድማ እምቢ አይባልም!» ትባላለች። ሦስት ቀን እንዲህ አለፈ።

በአራተኛው ቀን ውሃ አላረካት አለ። ሌሊቱን ሽንት ቤት ስትመላለስ አደረች። ረፋዱ ላይ ደግሞ ዝም ብላ መተኛት ጀመረች። ስንጠራት ትመልሳለች፣ ንግግሯ ግን ይጎተታል። ሐኪም ቤት ስንደርስ የስኳር መለኪያው 480 አሳየ። ነርሷ ፈሳሽ እየሰቀለችላት «ለእማማ ጣፋጭ የሰጣቸው ማነው?» ብላ ጠየቀች። «እኔ ነኝ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ ግን አልወጣ አለኝ።

እናቴ ዓይኗን ሳትገልጥ መለሰች፦ «ማንም አልሰጠኝም። ራሴ ነኝ የበላሁት።»

አልሐምዱሊላህ፣ በአምስተኛው ቀን ድና ወጣች። ያቺ መልሷ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። እኔ ሐዲስ የቀራሁ ሰው ነኝ። ለወላጅ በጎ ስለ መዋል ስንት ጊዜ ለሰው ተናግሬአለሁ። እናቴን በፍቅር ስም አልጋ ላይ ያስተኛኋት ግን እኔው ነኝ። እሷ ደግሞ በዚያ ሁኔታ ላይ ሆና እንኳ የኔን ፊት አዳነች።

ከዚያ በኋላ በመድረሳ የቀራሁት አንድ ሐዲስ ትዝ አለኝ። ድሮ ሳነበው የታመመ ሰው ታሪክ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳነበው ስለኛ ቤት ሆኖ አገኘሁት። አቡ ዳውድ፣ ቲርሚዚና ኢብኑ ማጃህ ዘግበውታል።

ኡሙል ሙንዚር (ረ.ዐ) የምትባል የመዲና ሶሓቢያት ነበረች። አንድ ቀን የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ቤቷ ገቡ። ዓሊይ (ረ.ዐ) አብሯቸው ነበር። ዓሊይ ከሕመም ገና መነሳቱ ነው፤ ሰውነቱ አልጠናም። ቤቱ ውስጥ የተምር ዘለላዎች ተንጠልጥለዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተነሥተው ከተምሩ ይበሉ ጀመር። ዓሊይም ሊበላ ተነሣ። ነቢዩ ግን ገና ከበሽታ ያገገመ መሆኑን እያስታወሱ ከለከሉት፤ ዓሊይም እጁን እስኪሰበስብ ድረስ ዝም አላሉም። ኡሙል ሙንዚር ገብስና «ሲልቅ» የሚባል ቅጠል ቀቅላ አቀረበች። ያኔ ነቢዩ ዓሊይን ከዚህኛው እንዲበላ፣ ለሱ የሚበጀው ይህ መሆኑን ነገሩት።

ሲልቅ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? እኛ ከጉልት ከምንገዛው ከቆስጣ ወገን ነው። ሱብሓነላህ! ገብስና ቆስጣ። ከደሴ ገበያም ከመርካቶም የማይጠፋ ነገር።

ልብ በሉ፤ ሐዲሱ ዓሊይ (ረ.ዐ) የስኳር በሽታ ነበረበት አይልም። እኛም አንልም። ዑለማዎቻችን ከዚህ ሐዲስ የወሰዱት ትምህርት «ሒምያ» ይባላል፤ ታማሚ ከማይስማማው ምግብ ራሱን መጠበቁ ማለት ነው። ኢብኑል ቀይዪም (ረሒመሁላህ) «ዛዱል መዓድ» በተሰኘው ኪታባቸው ስለዚሁ ጉዳይ ሰፋ አድርገው ጽፈዋል።

እስቲ በዚያች ቤት የነበሩትን ሦስት ሰዎች አንድ በአንድ እንያቸው። ሦስቱም በየቤታችን አሉ።

የመጀመሪያው የሚወድ ሰው ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዓሊይን ይወዱታል፤ ያሳደጉት ልጅ፣ የፋጢማ ባል ነው። ተምሩ ሐላል ነው፤ እሳቸው ራሳቸው እየበሉ ነው። «ቢስሚላህ ብለህ ብላ፣ ምንም አይልህም» ማለት ይችሉ ነበር። በረካው በቦታው ነበር፣ ዱዓቸውም ተሰሚ ነው። እሳቸው ግን አንድን ሐላል ምግብ ራሳቸው እየበሉ፣ ለሚወዱት ሰው ያንኑ ምግብ ከለከሉ። ሐላል መሆን አንድ ነገር ነው፤ ለሰውየው መስማማቱ ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው ታማሚው ነው። ዓሊይ የጦር ሜዳ አንበሳ ነው። «እኔን እንደ ሕፃን ከምግብ ይከለክሉኛል?» አላለም። አላኮረፈም። እጁን ሰበሰበ። ምግብን መተው ከጀግንነት እንደማይጎድል ከሱ እንማራለን።

ሦስተኛዋ ባለቤቷ ናት። እኔን ያስለቀሰችኝ እሷ ናት። ኡሙል ሙንዚር «ቤቴ መጥቶ እንዴት አልበላም ይላል» ብላ አልተቀየመችም። «በቃ ይለፈው» ብላም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ድስት ጣደች። ለታማሚው የሚሆነውን ሠርታ አቀረበች። ክልከላው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ዓሊይ ሰው ሲበላ እያየ ጦሙን በዋለ ነበር። ክልከላውን ፍቅር ያደረገችው ያቺ ድስት ናት።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ በቤታችሁ ስኳር ያለበት ሰው ካለ ይህን ጥያቄ ዛሬ ለራሳችሁ አቅርቡ፦ እኔ ከሦስቱ የትኛው ነኝ?

አሁን ደግሞ በሽታውን በአጭሩ እንረዳው፤ ያልተረዳ ሰው መርዳት አይችልም።

የምንበላው እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ፓስታና ድንች ሁሉ ሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ስኳር ይሆንና ወደ ደም ይገባል። አላህ ቆሽት ከሚባለው የሰውነት ክፍል ኢንሱሊን የሚባል ቅመም እንዲመነጭ አድርጓል። ኢንሱሊን የሴሎችን በር ከፍቶ ስኳሩን ያስገባል። በዓይነት 2 የስኳር በሽታ በሩ ይዝጋል፤ ኢንሱሊን ቢገፋውም በደንብ አይከፈትለትም። ቆሽትም ሲታገል ቆይቶ ይደክማል። ስኳሩ ደም ውስጥ ደጅ ሲጠና ይኖራል። ይህ ለዓመታት ሲቀጥል ዓይንን፣ ኩላሊትን፣ ልብንና የእግርን ነርቭ ይጎዳል።

ስለዚህ «እኔ ስኳር አልበላም፤ እንጀራ ብቻ ነው የምበላው» ማለት አያድንም። ጤፍ የተባረከ እህል ነው፤ ብረትና አሠር አለው፤ ግን እሱም አብዛኛው ስታርች ነው። ጥያቄው ስንት እንጀራ፣ ከምን ጋር፣ በየትኛው ቅደም ተከተል የሚለው ነው።

እናቴ ከሐኪም ቤት ከወጣች በኋላ ከሐኪሟ ጋር ተመካክረን ቤታችን ውስጥ ያደረግነውን ልንገራችሁ።

1. ማዕዱን በዓይን ከፈልነው። ግማሹ አትክልት፦ ቆስጣ፣ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ ፎሶሊያ። ሩቡ ገንቢ ምግብ፦ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ እንቁላል፣ ዓሣ ወይም ስብ የሌለው ሥጋ። ሩቡ ብቻ እንጀራ ወይም ሌላ እህል። በአንድ ትሪ ስንበላ ማን ስንት እንደበላ ስለማይታወቅ፣ የእናቴን ድርሻ ከመጀመሪያው ለይተን እናቀርባለን። አብረን እንቀመጣለን፣ አብረን ቢስሚላህ እንላለን፤ ድርሻዋ ግን የታወቀ ነው።

2. እህል በእህል መብላት አቆምን። ፓስታ በእንጀራ፣ ድንች ወጥ በዳቦ፣ ሩዝ ላይ ደግሞ እንጀራ፤ ይህ ሁሉ ያንኑ ስኳር በሁለት በር ማስገባት ነው። ፓስታ ከተሠራ እንጀራው ይቀራል። ከእንጀራ ጋር ጎመንና ምስር ይመጣል።

3. ከአትክልቱና ከገንቢው መጀመር። ጎመኑንና እንቁላሉን አስቀድሞ፣ እንጀራውን አስከትሎ የሚበላ ሰው፣ በተቃራኒው ከሚበላው ይልቅ ከምግብ በኋላ ስኳሩ የሚጨምረው በመጠኑ ነው። ምግቡ ያው ነው፤ ተራው ነው የተለወጠው።

4. ስኳር ያለበትን መጠጥ ከቤት ማውጣት። 300 ሚሊ ሊትር የምትይዝ አንዲት ጠርሙስ ኮላ 32 ግራም ያህል፣ ማለትም ስምንት የሻይ ማንኪያ ስኳር አላት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው የሚጨመር ስኳር በቀን ከ25 ግራም በታች ቢሆን ይመረጣል ብሏል፤ ይህም ለጤነኛው ነው። ጁስም ያው ነው፤ ብርቱካኑን ከነአሠሩ መብላት ከጭማቂው ይሻላል። የእናቴን ሻይ ከሦስት ማንኪያ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ አወረድን። በወር ከግማሽ ውስጥ ምላሷ ለመደው፤ አሁን ስኳር ያለበት ሻይ ሲሰጧት «ይህ ሽሮፕ ነው» ትላለች።

5. ገብስ ወደ ቤት ተመለሰ። ገብስ ውስጥ ያለው አሠር የምግቡን መፈጨት ያዘገያል፤ ስኳሩም ቀስ ብሎ ይገባል። ግን እሱም እህል ነውና በሩቡ ክፍል ይቆጠራል፤ ማርና ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

6. ከምግብ በኋላ መራመድ። አስር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ መራመድ ስኳሩን ወደ ጡንቻ ይወስደዋል። ታናሽ እህቴ ከእራት በኋላ እናቴን ይዛ እስከ መስጂዱ ትሄዳለች፤ ዒሻን ሰግደው ይመለሳሉ። እግር የሚያነሣው እያንዳንዱ እርምጃ አጅር አለው፤ በዚያ ላይ መድኃኒት ሆነ።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ብቻ አላደረግነውም። ዋናው ምስጢር ይህ ነው። ሁላችንም አብረናት ቆስጣ በላን። አንድ ሰው ብቻውን በሽታውን እየበላ፣ ሌላው ፊቱ ላይ ባቅላባ የሚበላበት ቤት ለታማሚው እስር ቤት ነው።

አሁን ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝን ሦስት ነገሮች ልመልስ።

«ኡስታዝ፣ ማር በቁርኣን ፈውስ ተብሏል፤ ተምርም ሱና ነው። እንዴት ይጎዳል?» አዎ፣ በሱረቱ ነሕል አላህ በማር ውስጥ ለሰዎች ፈውስ መኖሩን ነግሮናል። እናምናለን። ግን ፈውስ መጠን አለው፣ ቦታም አለው። ማር ከመቶው ሰማንያው ገደማ ስኳር ነው። አንድ ትልቅ የመጅዱል ተምር 18 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ይይዛል። ለታማሚው ተምርን የከለከሉት የተምርን ሱና ያስተማሩን ነቢይ ራሳቸው መሆናቸውን አትርሱ። ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩ የተስተካከለ ከሆነና ሐኪሙ ከፈቀደለት በአንድ ተምር ያፈጥራል፤ ሱናውን አግኝቷል። ሰባት መብላት ግዴታ አይደለም። ጥቁር አዝሙድም እንዲሁ ነው፤ እሱን ብሎ ሜትፎርሚኑን የሚጥል ሰው ሱናን አልተከተለም። ታከሙ ብለው ያዘዙንም እኚሁ ነቢይ ናቸው።

«ተወኩል የት ገባ?» ተወኩል ግመሉን ካሰሩ በኋላ ነው። ድርሻን መለየት ማሰሪያው ነው። መድኃኒቱን በሰዓቱ መውሰድ ማሰሪያው ነው። ከዚያ በኋላ ልብ በአላህ ላይ ይደገፋል።

«ረመዳንስ?» አላህ በሱረቱል በቀራ 184ኛውና 185ኛው አንቀጽ ለታማሚ ቅለትን ሰጥቷል። በዚህ ጉዳይ ለእናታችሁ «እስቲ ሞክሪው፣ ምንም አትሆኚም» የምትሉ ካላችሁ፣ ጃቢር (ረ.ዐ) ያወሩትንና አቡ ዳውድ የዘገቡትን ሐዲስ አስታውሱ። ጭንቅላቱ ላይ የቆሰለ ሰው ነበር፤ ጓደኞቹን ስለ ተየሙም ሲጠይቃቸው ቅለት የለህም ብለው አሳጠቡት፤ ሞተ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገዳዮች እነሱ መሆናቸውን ተናገሩ፤ ያላወቀ ሰው መድኃኒቱ መጠየቅ መሆኑንም አስተማሩ። ስለዚህ ረመዳን ከመግባቱ ከወር ወይም ከሁለት ወር በፊት ታማሚውን ሐኪም ዘንድ ውሰዱ። ሐኪሙ መጾም ይጎዳዋል ካለ፣ መተዉ ለአላህ መታዘዝ ነው፤ ቀዷ ወይም ፊድያ እንዳለበት ደግሞ ዓሊም ይጠይቅ። ይጾም ከተባለም ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ወዲያው ያፈጥር። ጣትን ወግቶ መለካት ጾምን እንደማያፈርስ የዘመናችን ዑለማዎች አብዛኞቹ ተናግረዋል፤ በፍርሃት ሳይለካ የሚውል አይኑር።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ክኒን የሚወስድ ሰው፣ በራሱ ፈቃድ ምግብ ቢዘል ወይም በድንገት በጣም ቢቀንስ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። ያልበው፣ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ግራ ይጋባል። ያኔ ስኳሩ መድኃኒት ነው፦ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ወይም ማር ስጡት፤ ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ ለኩት፤ ካልወጣ ድገሙ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አትስጡ፤ ወደ ሐኪም ቤት አሩጡት። አያችሁ? ያው ስኳር ትናንት የተከለከለ፣ ዛሬ የታዘዘ ሆነ። የአመጋገብ ለውጡንም መድኃኒቱ እንዲስተካከል ለሐኪሙ ነግሮ መጀመር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

እስካሁን ስለ ወላጆቻችን አወራን። አሁን ስለናንተ።

ከሁለት ዓመት በፊት እናቴን ለክትትል ወስጄ ስንጠብቅ፣ ነርሷ «አንተስ ተለክተህ ታውቃለህ?» አለችኝ። ሳቅሁ። ሠላሳዎቹ ውስጥ ነኝ፤ ምን ይሆናል ብዬ። በማግስቱ በባዶ ሆዴ ተለካሁ፦ 112። ጠዋት በባዶ ሆድ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ ስኳር በሽታ ይባላል። ከ100 እስከ 125 ያለው ደግሞ ብዙ ሐኪሞች ደጃፉ ላይ መድረስ ነው የሚሉት። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ ነበር። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ ማታ ማታ ከደርስ በኋላ ለስላሳና ብስኩት። እናቱ ስኳር ያለባት ሰው ደግሞ ለበሽታው ከሌላው ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

ተስፋው ምንድን ነው? በ2002 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ትልቅ ጥናት አለ። ደጃፉ ላይ የነበሩ ሰዎች ከክብደታቸው ሰባት ከመቶ ያህል እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ተረዱ፤ ወደ በሽታው የመግባት ዕድላቸው በ58 ከመቶ ቀነሰ። በሽታው ለጀመራቸውም በር አልተዘጋም። በ2017 ብሪታንያ ውስጥ የወጣ ሌላ ጥናት፣ በሽታው ከታወቀባቸው ስድስት ዓመት ያልሞላቸው ሰዎች በሐኪም ክትትል ምግባቸውን በጣም ቀንሰው ክብደት ሲጥሉ፣ በዓመቱ መጨረሻ 46 ከመቶዎቹ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታው ልክ በታች ሆኖ አሳይቷል። ይህ ብቻችሁን ቤት ውስጥ የምትሞክሩት አይደለም፤ ግን «አንዴ ከያዘ በቃ» የሚለውን ወሬ ይሰብራል።

እኔስ? ለስላሳውን ተውኩ፤ ሩቡን እንጀራ ለመድኩ፤ ሱብሒን ሰግጄ እራመዳለሁ። ባለፈው ስለካ 96 ነበር። አልሐምዱሊላህ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሆድን አንድ ሦስተኛ ለምግብ፣ አንድ ሦስተኛ ለመጠጥ፣ አንድ ሦስተኛ ለትንፋሽ እንድናደርግ ሲያስተምሩን፣ የአደም ልጅ ከሆዱ የከፋ ዕቃ እንደማይሞላም ነግረውናል። ሰውነታችን የኛ ንብረት አይደለም፤ አማና ነው። ሰውነት በባለቤቱ ላይ ሐቅ አለው ተብለናል። ነገ አላህ ፊት ስለዚህ አማና እንጠየቃለን። ሰው «አላህ ያዘዘኝን ልታዘዝ» ብሎ ከሳህኑ እጁን ቢመልስ፣ በዚያች ኒያ እጅ መመለሱ ኢባዳ ይሆንለታል። ማንም አያየውም፤ አላህ ግን ያየዋል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ያ መሐላዬ። «ወላሂ ካልበላሽ» ማለት በአገራችን የፍቅር ቋንቋ ሆኗል። ወንድሜ፣ እህቴ፣ የአላህን ስም የታማሚን እጅ ለመጠምዘዝ አንጠቀምበት። ምናልባት አሁንም ምላሳችሁ አምልጦ ከማላችሁ፣ ከመሐላው የተሻለ ነገር ስታዩ የተሻለውን አድርጉና ከፋራውን አውጡ፤ ነቢዩ ያስተማሩት ይህን ነው። ከፋራውም በሱረቱል ማኢዳህ 89ኛው አንቀጽ ተዘርዝሯል፤ አሥር ሚስኪኖችን ማብላት አንዱ ነው። አሥር የተራቡ ሰዎች ቢበሉ፣ እናታችሁም ከባቅላባው ብትድን፣ ምን የመሰለ ንግድ ነው!

በባለፈው ዒድ ደሴ ነበርኩ። አክስቴ እንደ ልማዷ ሐልዋ ይዛ መጣች። «አንድ ብቻ፣ ለኔ ስትይ» ብላ ወደ እናቴ አፍ ዘረጋች። እናቴ ወደኔ አየች። ልቤ ደነገጠ፤ አክስቴ ታላቄ ናት፣ ዒድ ነው፣ ቤቱ ሙሉ ሰው ነው። ከዚያ ዓሊይን እየከለከሉ ዝም ያላሉትን ነቢይ አስታወስኩ። «አክስቴ፣ እጅሽን ልሳምልሽ፤ ለእማ ይብቃት። ይልቅ ቆስጣውን አጉርሺያት» አልኳት። ቤቱ ለአፍታ ዝም አለ። አክስቴ ተከዘች፤ ከዚያ ሐልዋውን ወደ ሳህኑ መለሰችና ጎመንና ቆስጣ ጠቅልላ አጎረሰቻት። ጉርሻው አልቀረም። ፍቅሩም አልቀረም። እናቴ እያኘከች ዓይኖቿ እንባ አቅርረው ነበር።

የሦስት ወር አማካይ ስኳሯ ያን ጊዜ ከ11 በላይ ነበር። ዘንድሮ 7 ላይ ነው። ሁሉም በአላህ ፈቃድ ነው፤ ሰበቡ ግን ድስት የጣዱ እጆች ናቸው።

ከዛሬ ጁሙዓ በኋላ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ እናንተም ወላጆቻችሁም ካልተለካችሁ በዚህ ሳምንት ተለኩ። ሁለተኛ፣ በቤታችሁ ስኳር ያለበት ሰው ካለ፣ ዛሬ ማታ ለሱ የሚሆነውን ሠርታችሁ አብራችሁት ከዚያው ብሉ። እንደ ኡሙል ሙንዚር ሁኑ።

ያ አላህ! የታመሙ እናቶቻችንንና አባቶቻችንን ፈውስልን። ሰውነታችንን አማናህ አድርገን እንድንጠብቅ እርዳን። ሐላልህን በልክ የምንበላ፣ ስትከለክለን የምንመለስ አድርገን። ባለማወቅ የጎዳናቸውን ወላጆቻችንን ይቅር እንዲሉን አድርግ፤ አንተም ይቅር በለን። ከኛ ቀድመው የሄዱትን እዘንላቸው። አሚን ያ ረበል ዓለሚን።

ሱረቱል ከህፍን መቅራትና ሰለዋት ማብዛት እንዳትረሱ።

ጁሙዓ ሙባረክ።